ውኃ በሳምንት አንድ ቀን ሲመጣ ንጽሕናን መጠበቅ

እህቴ ሆይ፣ ዳቡቅ ውስጥ ስድስት ዓመት በቤት ሠራተኛነት ሠርቻለሁ። መጀመሪያ የደረስኩ ቀን «እዚህ ቤት ውኃ ይቸግራል» ቢሉኝ አላምንም ነበር። ባለ ሦስት ፎቅ ቪላ ነው፤ አራት መታጠቢያ ቤት አለው፤ ግቢው ወይራና ጽጌረዳ ነው። እኔ ያደግሁት ከደሴ ወጣ ባለ ገጠር ነው። ለእኔ ውኃ ማለት ምንጭ ወርዶ በጄሪካን ቀድቶ ማዘል ነበር፤ የከተማ ቧንቧ ሁልጊዜ የሚፈስ ይመስለኝ ነበር።

በሐምሌ ወር አንድ ቀን የልብስ ማጠቢያው ማሽን መሀል ላይ ቆመ። የጣራው ታንከር ባዶ ሆኗል። ማዳም «አንቺ ነሽ የጨረስሽው» ብላ ጮኸችብኝ፤ ውኃ እስኪመጣም ገላዬን እንዳልታጠብ ከለከለችኝ። በዚያ ሙቀት ሦስት ቀን ምድጃ ሥር ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን አፍንጫዋን ይዛ «ሪሓ» አለችኝ። ቃሉን ገና አላውቀውም ነበር፤ እጇ ግን ነገረኝ። ከሃፍረቴ የተነሣ ሽንት ቤት እንዳልመላለስ ውኃ መጠጣት ቀነስኩ። ወዲያው ሽንቴ ያቃጥለኝ ጀመር፤ ትኩሳትም ተከተለ። ዛሬ የምነግርሽን የተማርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ውኃው ለምን ያልቃል?

ዮርዳኖስ በዓለም ላይ ውኃ በጣም ከሚያጥራቸው አገሮች አንዷ ናት። በዓመት ለአንድ ሰው ከ500 ሜትር ኩብ በታች ውኃ ያለው አገር በከባድ የውኃ እጥረት ውስጥ ነው ይባላል፤ ዮርዳኖስ ያላት ከ100 ሜትር ኩብ በታች ነው። እኛ አገር ሐምሌና ነሐሴ ዶፍ ሲወርድ እዚያ ጠብታ የለም፤ ዝናቡ የሚመጣው በቀዝቃዛው ወራት ነው።

አማን ደግሞ ኮረብታ ላይ ናት። የውኃው አንዱ ክፍል ከባሕር ወለል በታች ካለው ከዮርዳኖስ ሸለቆ ተነሥቶ፣ ዛይ በሚባለው ጣቢያ ተጣርቶ፣ ከ1000 ሜትር በላይ ሽቅብ እየተገፋ ይመጣል። ሌላው ክፍል በደቡብ ካለው ከዲሲ በረሃ ከመሬት ሥር ወጥቶ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ በቱቦ ተጉዞ ይደርሳል፤ ይህ መስመር ሥራ የጀመረው በፈረንጆች አቆጣጠር በ2013 ነው።

ስለዚህ የቧንቧ ውኃ በየሰፈሩ በተራ ይሰጣል፤ በብዙ ቦታ በሳምንት አንድ ቀን ነው። ቤተሰቡ ያን ቀን በጣራው ታንከር ያጠራቅምና ሳምንቱን ሙሉ ከዚያ ይጠቀማል። አዲስ አበባ የኖርሽ ከሆነ ፈረቃንና ሮቶን ታውቂያለሽ፤ ነገሩ ያው ነው። ካለቀ ከቦቴ መኪና ይገዛል፤ እሱም ውድ ነው። ማዳም ስለ ውኃ የምትቆጣው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

ውኃውን ቁጠሪው

ከአጠገባችን ካለው ቪላ አሥር ዓመት የሠራች የጎጃም ሴት ነበረች፤ እትዬ እያልኩ እጠራት ነበር። ቆሻሻ ልናወጣ ስንገናኝ ችግሬን ነገርኳት።

«ውኃ የሚመጣው መቼ እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«አላውቅም።»

«ታዲያ ምኑን ትቆጥቢያለሽ፣ እታለም? ቀኑን እወቂ። ውኃ የመጣ ለት አንድ ጄሪካን ሞልተሽ ክዳኑን ዘግተሽ አስቀምጪ።»

«ማዳም ባትወድስ?»

«ደብቀሽ አታድርጊው። ‹ውኃ ቢያልቅ ለቤቱም መጠባበቂያ ነው› በያት።»

እንዳለችኝ አደረግሁ። ከዚያም ማስላት ጀመርኩ። በጣራችን ላይ እያንዳንዳቸው 2000 ሊትር የሚይዙ ሁለት ታንከሮች ነበሩ። 4000 ሊትር ለ7 ቀን ሲካፈል በቀን 570 ሊትር ገደማ ነው። በቤቱ 8 ሰው ነበርን፤ ለአንድ ሰው 70 ሊትር ገደማ ይደርሳል። ሻወር በደቂቃ 9 ሊትር ያህል ቢያፈስ፣ አሥር ደቂቃ ከሥሩ የቆመ ሰው 90 ሊትር ጨርሷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ውኃውን የጨረስኩት እኔ እንዳልሆንኩ ገባኝ።

ሌላም ነገር አገኘሁ። የእንግዳ ሽንት ቤቱ ውኃ ሌሊት ሲንሿሿ እሰማ ነበር። ቀይ የካርካዴ ሻይ በውኃ ማጠራቀሚያ ሳጥኑ ውስጥ ጨመርኩና ውኃ ሳልለቅበት ጥቂት ጠበቅሁ። መቀመጫው ውስጥ ያለው ውኃ ቀላ፤ ያፈስ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሽንት ቤት በቀን በመቶ የሚቆጠር ሊትር ሊያባክን ይችላል። ማዳምን ጠርቼ አሳየኋት። ምንም አልተናገረችም፤ በማግስቱ ግን ቧንቧ ሠራተኛ መጣ። ከዚያ ወዲህ ታንከሩ ሳምንቱን ያደርስ ጀመር፤ የገላ መታጠቡም ክልከላ ቀረ።

አንድ ነገር አደራ፦ ታንከሩን ለማየት ወይም ለማጠብ ብቻሽን ጣራ ጫፍ ላይ አትውጪ፤ ወደ ታንከሩም ውስጥ አትግቢ። ይህ የባለሙያ ሥራ ነው።

ገላን በአንድ ባልዲ መታጠብ

ከ8 እስከ 10 ሊትር ውኃ ለአንድ ሰው ገላ ይበቃል። እንዲህ አድርጊ፦

1. ሳፋ ውስጥ ቁሚ፤ የወረደው ውኃ ለሽንት ቤት ያገለግላል።
2. በሁለት ጣሳ ውኃ ሰውነትሽን አርጥቢ፤ ከዚያ ውኃውን ተዪው።
3. ሳሙናውን በእርጥብ ጨርቅ ላይ አረፋ አውጥተሽ ከላይ ወደ ታች እሺ፦ ፊት፣ አንገት፣ ብብት፣ ከጡት ሥር፣ ሆድ፣ እግር። ብልትሽን በውጭ በኩል በውኃ ብቻ እጠቢ፤ ሳሙና ወደ ውስጥ አታስገቢ።
4. በቀረው ውኃ ከትከሻሽ ጀምረሽ ቀስ እያልሽ አለቅልቂ። በእግር ጣቶች መካከል ደህና አድርገሽ አድርቂ።

ያን ያህልም ከሌለ ሁለት ሊትር ይዘሽ ፊትሽን፣ ብብትሽን፣ ብልትሽንና እግርሽን በየቀኑ ታጠቢ። ጠረን የሚመጣው በብዛት ከእነዚህ ቦታዎችና ከልብስ ነው። ላብ በጠጣ ልብስ ላይ ሽቶ መጨመር ጠረኑን ያብሰዋል እንጂ አያጠፋውም። የውስጥ ልብስሽን በየማታው በአንድ ጆግ ውኃ እጠቢና አየር ወይም ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ አስጪ፤ ጥጥ ከሆነ ይሻላል። ፀጉርሽን ሹሩባ ተሠሪና በሻሽ ሸፍኚው፤ በየቀኑ መታጠብ አያስፈልገውም። ለጥርስ አንድ ኩባያ ውኃ ይበቃል።

እጅሽን ግን አትቆጥቢ። ከሽንት ቤት ስትወጪ፣ የሕፃን ዳይፐር ከቀየርሽ በኋላ፣ ጥሬ ዶሮ ወይም ሥጋ ከነካሽ በኋላ፣ ምግብ ከመሥራትሽና ከመብላትሽ በፊት በሳሙና ታጠቢ። ቧንቧውን ዝጊና እጅሽን 20 ሰከንድ እሺ፤ ለማለቅለቅ ብቻ ክፈቺው። ባልዲ ውስጥ እጅ እየነከሩ መታጠብ ግን የአንዱን ቆሻሻ ለሌላው ያስተላልፋል፤ በጣሳ እየቀዳሽ አፍስሺ።

የወር አበባ ሲመጣ

ሞዴስ በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ ቀይሪ፤ ብዙ ሲፈስሽ ከዚያም ቶሎ። ያወጣሽውን ጠቅልለሽ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣዪው፤ ሽንት ቤት ከጣልሽው ቱቦ ይደፍናል። ጨርቅ የምትጠቀሚ ከሆነ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ፣ ቀጥሎ በሳሙና እጠቢና ፀሐይ ላይ አድርቂው። ከሃፍረት የተነሣ አልጋ ሥር እርጥቡን አትደብቂ፤ ሕመም የሚያመጣው እርጥበቱ ነው። ሞዴስ ከሌለሽ ማዳምን «ቢዲ ፉወጥ» በያት፤ ሞዴስ እፈልጋለሁ ማለት ነው።

ውኃ መጠጣትን አትተዪ

እኔ የሠራሁትን ስህተት አትድገሚ። ውኃ የማይጠጣና ሽንቱን የሚይዝ ሰው ለሽንት ቧንቧ ሕመም ይጋለጣል። ቤተሰቡ የሚጠጣውን ውኃ አንቺም ጠጪ፤ እነሱ የታንከሩን ውኃ የማይጠጡት ከሆነ አንቺም ተዪው። ሽንትሽ ከጠቆረ ውኃ አንሶሻል። ሽንት ቤት ስትጠቀሚ ከፊት ወደ ኋላ ጥረጊ። ሽንት ሲያቃጥልሽ፣ ቶሎ ቶሎ ሲመጣብሽ፣ ወይም ከዚህ ጋር ጎንሽን ካመመሽና ካተኮሰሽ በሽቶና በሻይ አታሳልፊው፤ በዚያው ቀን ሐኪም ጠይቂ። «ቢዲ ዶክቶራ» ማለት ሴት ሐኪም እፈልጋለሁ ማለት ነው። እኔ ሦስት ቀን ዝም ብዬ ነው ትኩሳቱ የጣለኝ።

በቤት ሥራ ውኃ መቆጠብ

ሳህኖችን መጀመሪያ ጥረጊ፤ ከዚያ በአንድ ሳፋ በሳሙና እጠቢ፤ በሌላው አለቅልቂ። አትክልት ያጠብሽበትን ውኃ ለጽጌረዳው፣ ልብስ ያለቀለቅሽበትን ለበረንዳውና ለሽንት ቤት አድርጊው። በረንዳ በጎማ ቱቦ ከማጠብ በመጥረጊያና በአንድ ባልዲ ማጽዳት ይበቃል። ሕፃን ባለበት ቤት ውኃ የሞላ ባልዲ ክፍት አትተዪ፤ ሕፃን በጥቂት ውኃም ይሰጥማል።

ውኃ ሲያጥር «በረኪና ይበዛ» የሚል ሰው አለ። በረኪናን፣ በዚያ አገር ክሎር የሚሉትን፣ ከፍላሽ ወይም ከሌላ የሽንት ቤት አሲድ ጋር በፍጹም አትቀላቅዪ። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል፤ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሊገድልም ይችላል። ከተቀላቀለብሽ ሥራውን ጥለሽ ንጹሕ አየር ወዳለበት ውጪ።

ለማዳም እንዴት ትነግሪያለሽ?

ቁጣ ባለበት ሰዓት አትናገሪ። ጠዋት፣ ረጋ ባለ ድምፅ ተናገሪ። ታንከሩ ሲያልቅ «ኽልሰት እል ማይ» በዪ፤ ውኃው አለቀ ማለት ነው። «ቢዲ አትሐመም» ገላዬን መታጠብ እፈልጋለሁ ማለት ነው። ስትነግሪያት ምን ያህል እንደምትጠቀሚ አሳዪያት፤ እኔ ባልዲዬን አንሥቼ «ይህችን ብቻ» አልኳት። የምታበስይው ምግብና የምታቅፊው ልጅ የእሷ ናቸውና ንጽሕናሽ ለእሷም ይጠቅማል።

ይህ የልመና ጉዳይ እንዳይመስልሽ። በዮርዳኖስ በ2009 የወጣው የቤት ሠራተኞች ደንብ አሠሪው ምግብና መጠጥ፣ ልብስ፣ የመኝታ ቦታና ሕክምና እንዲያቀርብ ያዛል። ገላሽን እንዳትታጠቢ ወይም ስትታመሚ ሐኪም እንዳታዪ ከተከለከልሽ ለምታምኛት እህት ወይም ይህን መጽሔት ለሰጡሽ ሰዎች ንገሪ።

እትዬ አሁን አገሯ ገብታለች። እኔም በተራዬ ለመጡት አዲሶች ልጆች ቀኑን እወቂ፣ ጄሪካንሽን ሙዪ እላለሁ። አንቺም ዛሬ ማታ ሁለት ነገር አድርጊ፦ በሰፈርሽ ውኃ የሚመጣበትን ቀን ጠይቂ፤ ከዚያ ሁሉም ሲተኛ ሽንት ቤቶቹን አዳምጪ።