ከምሰሶው እስከ በርህ

ለእህቴ ልጅ፣

ከዛሪማ ወጣ ብሎ ባለው የአባትህ መሬት ላይ ቤት ሠርተህ መብራት ልታስገባ፣ ቆየት ብለህም ወፍጮ ልትተክል ማሰብህን እናትህ ነገረችኝ። ገንዘቡንም አጠራቅመሃል አሉ። ገንዘብ የያዘ ሰው ምክር ለመስማት አይመቸውም፤ ቢሆንም የመንደራችን የመብራት ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኜ ያየሁትን ልንገርህ።

1. መጀመሪያ ርቀቱን ለካ። ቆጣሪው ትንሹ ወጪ ነው። ኪስ የሚያራቁተው ምሰሶውና ገመዱ፣ ከሁሉም ብሶ ትራንስፎርመሩ ነው። «መስመሩ በደጃችን ያልፋል» የሚለውን ወሬ ይዘህ አትሂድ። የትኛው መስመር? በምሰሶ ላይ የሚሄደው 15 ወይም 33 ሺህ ቮልት ከሆነ፣ ትራንስፎርመር ተተክሎ ወደ 380ና 220 ቮልት እስኪወርድ ድረስ ለአንተ እንደማይዘንብ ደመና ነው። በትልቁ የብረት ማማ የሚሄደውማ የሌላ መሥሪያ ቤት ነው። በ2006 ዓ.ም. የድሮው መብራት ኃይል ለሁለት ሲከፈል ማመንጫውና ትልልቁ መስመር ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ቆጣሪውና ደንበኛው ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ደረሱ። ያንተ ጉዳይ ከአገልግሎቱ ጋር ነው።

እኛ የዚህ አገር ሰዎች በቅርበት እንታለላለን። የዛሪማ ወንዝ ተከዜ ይገባል፤ በተከዜ ላይ ደግሞ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ 188 ሜትር ከፍታ ያለው፣ 300 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ ቆሟል። ታዲያ ምን ጠቀመን? ለውኃ የቀረበ ሁሉ ለመብራት አልቀረበም። ለሕዳሴው ግድብም በኩራዝ እያመሸን ቦንድ ገዝተናል። አልቆጭም፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ እኔም ደስ ካላቸው አንዱ ነበርኩ። ግን ከጉባ የተነሣው ኃይል ያን ሁሉ አገር አቋርጦ መጥቶ ባንተ ደጅ ሦስት ምሰሶ ቢጎድል እዚያው ይቆማል። ሦስቱን ምሰሶ ማን ይከፍላል ነው ጥያቄው።

2. የትራንስፎርመሩን ጉልበት ጠይቅ። የኤሌክትሪክ ምጣድ አንዱ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይበላል። 50 ኬቪኤ ትራንስፎርመር ላይ 14 ምጣድ አንድ ጊዜ ከተጣደ ሞላ ማለት ነው። ለዚህ ነው የፋሲካ ዋዜማ መንደሩ በሙሉ ጨልሞ ሴቶቹ ወደ ማገዶ የሚመለሱት። ከትራንስፎርመሩ በራቅህና በገመዱ ላይ የሚጠቀም ሰው በበዛ ቁጥር ደግሞ ቮልቱ እየሟሸሸ ይመጣል። 220 መሆን የነበረበት 170 ሆኖ ቢደርስህ የምጣድህ ጉልበት ከመቶ ወደ 60 እጅ ይወርዳል። አምፖሉ ይበራል፤ እንጀራው ግን ዓይን አያወጣም። ሚስት ስታገባ ጥፋቱን የእሷ እንዳታደርገው!

3. ወፍጮ ካሰብክ ከወዲሁ ተናገር። ወፍጮ ሦስት ፌዝ ይፈልጋል። ዛሬ ለአምፖል ብለህ አንድ ፌዝ አስገብተህ ከሁለት ዓመት በኋላ «ልለውጥ» ብትል ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

4. ብቻህን አትክፈል፤ መንግሥት ያስገባልኛል ብለህም አትጠብቅ። በ1998 ዓ.ም. የገጠሩ የመብራት ማዳረስ ፕሮግራም ሲጀመር መስመር የደረሰው የገጠር ከተማ ሁሉ መብራት አገኘ ተብሎ ይቆጠር ነበር፤ ከመስመሩ ሥር ያለው ቤት ግን በኩራዝ ያመሽ ነበር። በእኛም መንደር 23 አባወራ ስንሆን አምስቱ «መንግሥት በነጻ ያመጣልናል» ብለው መዋጮውን እምቢ አሉ። እኛ 18ቱ ከፍለን መብራቱ በራ። በሳምንቱ አምስቱም መጡ። «እጥፍ ይክፈሉ» ካሉት ሰዎች ዋነኛው እኔ ነበርኩ። ሽማግሌ ሲባል እንዲህም ይሳሳታል፤ እጥፉን ሲሰሙ ከጎረቤት ሽቦ ጎተቱና የሁላችንም አምፖል ደከመ። በመጨረሻ እንደማንኛችንም ከፈሉ፤ ያም ቢሆን በስንት ሽምግልና። አንተ አጎራባቾችህን አሁን ሰብስብ። ሸክሙ በአምስት ቤት ሲካፈል ሌላ ነገር ነው። የሰው ማሳ አቋርጦ ለሚያልፈው ምሰሶም፣ በመስመሩ ሥር ለሚቆረጠው ባሕር ዛፍም ያው ስብሰባ ያገለግልሃል። ጉድጓዱ ከተቆፈረ በኋላ የሚጀመር ሽምግልና ረጅም ነው።

5. ከጎረቤት አትሳብ። ሽቦው አደገኛ መሆኑን ታውቃለህ፤ ሂሳቡን ግን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። የመብራት ታሪፍ የተደረደረው ፍጆታው ሲጨምር ዋጋውም እንዲጨምር ሆኖ ነው፤ ርካሹ የመጀመሪያው 50 ኪሎዋት ሰዓት ነው። አራት ድሃ ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ቆጣሪው እንደ አንድ ሀብታም ቤት ያያቸውና በውዱ እርከን ያስከፍላቸዋል።

6. በመጋዞ በምታርሰው መሬት ላይ ቆጣሪ አታስተክል። የይዞታ ደብተሩ በማን ስም እንዳለ እይ፤ የአባትህ ከሆነ ውርሱን መጀመሪያ ጨርስ።

7. ገንዘብ በእጅ አትስጥ። «ባለሙያውን አውቀዋለሁ፣ አስቀድምልሃለሁ» ላለኝ ደላላ የአንድ በሬ ዋጋ ሰጥቼ እስከ ዛሬ አላየሁትም። የዋጋ ግምቱን በጽሑፍ ተቀበል፣ ክፍያውን በመሥሪያ ቤቱ ሂሳብ አስገባ፣ ደረሰኙን በስልክህ ፎቶ አንሣና ለእህትህም ላክላት። በ2013 ክረምት ጦርነቱ በአዲ አርቃይና በዛሪማ ሲያልፍ ከቤት ያወጣነው ልጆቻችንን ነው፤ የስንቱ ሰው ደብተርና ደረሰኝ እዚያው ቀረ።

8. የከፈልክበት ምሰሶ ያንተ ንብረት አይደለም። ማሳህ ላይ ቢቆምም ነገ ሌላ ደንበኛ ይቀጠልበታል፤ አትጣላ። አንድ ነገር ግን ተከታተል፦ ያልታከመ እንጨት እንዳይተከል። የቆላ ምስጥ ለደረሰኝ አያዝንም።

9. ርቀቱ ከበዛ ተወው፤ ሶላር አስገባ። መንግሥት ራሱ በ2011 ዓ.ም. ባወጣው ዕቅድ አገሩን ሁሉ በመስመር አዳርሳለሁ አላለም፤ ከመቶ 35ቱን ያህል ሕዝብ ለሶላርና ለመሰሉት ነበር የመደበው። ለአምፖል፣ ለስልክ፣ ለቴሌቪዥን፣ አትክልት ለሚያጠጣ ትንሽ ፓምፕም ሶላር ይበቃል። ለምጣድና ለወፍጮ ግን ጉልበቱ ያንሳል፤ የሚሸጥልህ ሰው ይህን አይነግርህም።

መስመር ይሁን ሶላር ከመወሰንህ በፊት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ረጅም ገመድ ይዘህ ና። ከመጨረሻው ምሰሶ እስከ በርህ አብረን እንለካለን። አንዱን ጫፍ እኔ ምሰሶው ሥር ተቀምጬ እይዝልሃለሁ፤ ዳገቱ ያንተ ነው።