ዋጋውን ከመጠየቅህ በፊት አንብበው

ደላላው ስለዚህ አሮጌ የእንግሊዝ ፓስፖርት «ሌላ ገዢ አለኝ» ቢልህም አትቸኩል። ያልከውን ያህል ቢፈለግ እንኳ፣ ሳታነበው ከምትገዛው ቢያመልጥህ ይሻላል። ወንድሜ፣ ይህን ፍቅር ስለያዝክ ደስ ብሎኛል። ሀርጌሳ መጥቶ ደመወዙን ቆጥሮ ከሚተኛው ብዙ የአገራችን ልጅ መካከል አንድ ሰው የዚህን ከተማ አሮጌ ወረቀት ለማንበብ መፈለጉ ትልቅ ነገር ነው። ግን እስቲ ወንበሩን ጠጋ አድርግልኝና ከትከሻህ በላይ ሆኜ አብረን እንየው። የምመክርህ አንድ ነገር ነው፦ መጀመሪያ አንብብ፣ ቀጥለህ ከየትኛው ቤት እንደ ወጣ ጠይቅ፤ መግዛት ካለም መጨረሻ ላይ ይምጣ።

ለምን እንዲህ እንደምል የከተማዋን ነገር አስብ። በ1988 ግንቦት መጨረሻ የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ተዋጊዎች ወደ ሀርጌሳ ሲገቡ፣ የሶማሊያው መሪ የዚያድ ባሬ አውሮፕላኖች ከዚህችው ከተማ አየር ማረፊያ እየተነሡ ከተማዋን ደበደቧት። በአደባባዩ ላይ የቆመውን ሚግ አውሮፕላን በየቀኑ ታየዋለህ። ሕዝቡ በመቶ ሺዎች ሆኖ ወደ እኛ አገር ተሰደደ፤ ከጅጅጋ ወዲህ ያለችው ሀርታ ሼክ ያኔ በዓለም ከታወቁት ትልልቅ የስደተኛ ሰፈሮች አንዷ ሆነች። ከኋላ የቀረው ቤት ተዘረፈ፣ ጣሪያው ሳይቀር ተነቀለ። እንግዲህ ከዚያ በፊት የነበረ ፓስፖርት ዛሬ እጅህ ላይ ካለ፣ ወይ በአንዲት እናት ጉያ ድንበር ተሻግሮ ተመልሷል፣ ወይ ከተዘረፈ ቤት ወጥቷል፣ ወይም ከባሕር ማዶ ከሚኖር ዘመድ ዘንድ ተርፎ መጥቷል። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ሳታውቅ ገንዘብ አታውጣ።

አሁን ሽፋኑን እየው። ሰማያዊው ጠንካራ ደብተር እንግሊዞች ከ1920 ገደማ ጀምሮ ያመጡት ነው፤ ከዚያ በፊት ፓስፖርት የሚታጠፍ አንድ ቅጠል ወረቀት ነበር። በሽፋኑ ላይ ሁለት ቀዳዳዎች አሉ፤ በአንዱ የባለቤቱ ስም፣ በሌላው ቁጥሩ ይታያል። በመስኮቱ የሚታየው ቁጥርና ውስጥ ያለው ካልገጠሙ ሽፋኑና ውስጡ የተለያዩ ናቸው ማለት ነው። የውስጡ ጽሑፍ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ነው። ገጾቹን ቁጠራቸው፤ 32 መሆን አለባቸው፤ ይህንንም ፓስፖርቱ ራሱ ይናገራል። የጎደለ ገጽ ካለ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው እንዲታይ ያልፈለገው ቪዛ ወይም ማኅተም የነበረበት ነው።

ቀጥለህ በማን ስም እንደ ተሰጠ አንብብ። ለንደን የተሰጡት የቀድሞዎቹ በውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ስም ይጀምራሉ፤ ኩርዞን ካለ ከ1919 እስከ 1924፣ ቤቪን ካለ ከ1945 እስከ 1951 ነው። ንጉሡንም ተመልከት፤ ጆርጅ አምስተኛ በጥር 1936 ሞተ፣ ጆርጅ ስድስተኛ በየካቲት 1952። ከዚያ በኋላ በተሰጠ ፓስፖርት ላይ «ግርማዊት» ሊል ይገባል። እዚሁ በእንግሊዞች ሞግዚት ግዛት፣ በሶማሌላንድ፣ የተሰጠ ከሆነ ደግሞ የአገረ ገዢው ሥልጣን ነው የሚታየው፤ ከአርማው በታችም የግዛቱ ስም ይጻፋል።

የቦታውና የቀኑ ነገር ከሁሉ ይበልጥ አጭበርባሪን ያጋልጣል። እንግሊዞች ይህን አገር ከ1884 ጀምሮ በውል ሲይዙት መቀመጫቸው በርበራ ነበረች፤ ሀርጌሳ ዋና ከተማ የሆነችው በ1941 ነው። ስለዚህ ከጦርነቱ በፊት ሀርጌሳ እንደ ተሰጠ የሚናገር ፓስፖርት ካመጡልህ ደግመህ ጠይቅ። ከነሐሴ 1940 እስከ መጋቢት 1941 ደግሞ ጣልያን አገሩን ይዞት ነበር፤ በእነዚያ ወራት በርበራ ላይ የእንግሊዝ ማኅተም የሚመታ ሰው አልነበረም። ከ1941 እስከ 1948 ያስተዳደሩት ወታደራዊ ገዢዎች ናቸው፣ ፊርማውና ማዕረጉም ይህንኑ ማሳየት አለበት። ሰኔ 26 ቀን 1960 ሞግዚትነቱ አበቃ፤ ከአምስት ቀን በኋላ አገሩ ከደቡቡ ሶማሊያ ጋር ተዋሐደ። ከሰኔ 26 ወዲህ በሞግዚት ግዛቱ ስም የተሰጠ ፓስፖርት ሊኖር አይችልም። እኔ የምጠቅስልህ ወርና ዓመት ሁሉ ፓስፖርቱ ላይ እንደሚገኘው የፈረንጅ ነው፤ ወደ እኛው ስመጣ እነግርሃለሁ።

እዚህች መስመር ላይ ግን ቆይ። የባለቤቱ ዜግነት የሚጻፍበት መስመር ነው፤ ሰብሳቢዎች ቪዛውንና ቴምብሩን እያዩ የሚዘሉት። የሶማሌላንድ ሰው የእንግሊዝ ንጉሥ ተገዢ አልነበረም፤ «በእንግሊዝ ከለላ ሥር ያለ ሰው» ነበር። ግዛቱ የንጉሡ መሬት ስላልነበረ፣ በዚያ መወለድ ብቻውን ተገዢነትን አያስገኝም። ባሕሩን ተሻግሮ ኤደን የተወለደ ግን ተገዢ ነበር። ይህ ልዩነት እንጀራ ነበር። በ1925 እንግሊዝ አገር የወጣው የባሕረኞች ትእዛዝ፣ ነጭ ያልሆነ መርከበኛ የእንግሊዝ ተገዢ መሆኑን በሰነድ ካላስረዳ በፖሊስ ዘንድ እንደ ባዕድ ይመዝገብ ይላል። ካርዲፍ ወደብ ላይ ከድንጋይ ከሰል መርከብ የወረደ እሳት አንዳጅ ወረቀት ከየት ያምጣ? ስለዚህ ብዙዎቹ «የተወለድኩት ኤደን ነው» አሉ። የትውልድ ቦታው ላይ ኤደን ተብሎ ካነበብክ ሰውየው ኤደን ተወለደ ብለህ አትደምድም፤ በቡርዖ ወይም በሀርጌሳ ዙሪያ ግመል ሲጠብቅ ያደገ ሊሆን ይችላል። ውሸታምም አትበለው። ሥራ እንዲያገኝ ሕጉ ያስገደደውን መልስ ነው የሰጠው።

የትውልድ ዓመቱንም እንዲሁ ያዘው። ዘላን ቤተሰብ ልጅ የተወለደበትን ዘመን በዝናቡና በድርቁ ነው የሚያስታውሰው፤ ጸሐፊው ግን ቁጥር ፈለገ። ስሙም ቢሆን ከራስ፣ ከአባትና ከአያት የተገጣጠመ ነው፤ ልክ እንደ እኛው፤ እንግሊዙ ግን የመጨረሻውን ወስዶ የቤተሰብ ስም አደረገው። በሁለት ወንድማማቾች ፓስፖርት ላይ ሁለት ዓይነት አጻጻፍ ብታገኝ አትደነቅ።

እነዚህ መርከበኞች በካርዲፍ ታይገር ቤይ፣ በሳውዝ ሺልድስና በለንደን ወደቦች ሰፈሩ። ስለ ማህሙድ ማታን ሳታነብ የመርከበኛ ፓስፖርት አትሰብስብ። በብሪታንያ ሶማሌላንድ ተወልዶ ካርዲፍ የገባ መርከበኛ ነበር፤ ባልፈጸመው ግድያ ተከሶ መስከረም 3 ቀን 1952 ተሰቀለ፤ ፍርዱ የተሻረው በ1998 ነው። እዚሁ ሀርጌሳ የተወለደችው ናዲፋ ሞሐመድ በ2021 ልቦለድ ጽፋበታለች። አንተ የምታገላብጠው ወረቀት የተሸከመው ከለላ ለአንዳንዱ ምን ያህል ቀጭን እንደ ነበር ከዚህ ታያለህ።

ወደ ኢትዮጵያ በኩል የሚያሳይ ማኅተም ባታገኝ ደግሞ አትዘን። ድንበሩን አልፎ ወደ ሐውድ የግጦሽ ምድር የሚሻገር እረኛ ፓስፖርት አያስፈልገውም ነበር። በ1897 የእንግሊዙ መልእክተኛ ሮድ ከዐፄ ምኒልክ ጋር ውል ሲያደርግ፣ ከራስ መኮንን ጋር በተለዋወጡት ደብዳቤ የሁለቱም ወገን ከብት እየተሻገረ እንዲግጥ ተፈቅዶ ነበር። ፓስፖርት በብዛት የባሕር ወረቀት ነው፤ ወደ ኤደን፣ ወደ ስዊዝ፣ ወደ ካርዲፍ። ቢሆንም በአዲስ አበባ ሌጋሲዮን ወይም በሐረር ቆንስላ የተሰጠ፣ የሕንድ ነጋዴ ወይም የኤደን ሰው ፓስፖርት ሊገጥምህ ይችላል። የእኛ አገር ማኅተም ያለበትም እንዲሁ። እዚህ ላይ ከለንደን ሰብሳቢ ሁሉ የምትበልጥበት ነገር አለህ፤ አማርኛ ታነባለህ። ማኅተሙ ላይ 1947 ቢልና ዓ.ም. ቢኖርበት፣ ፈረንጁ በጆርጅ ስድስተኛ ዘመን ያደርገዋል፤ አንተ ግን ከመስከረም 1954 እስከ መስከረም 1955 መሆኑን ታውቃለህ። ያ ዓመት ደግሞ ቀላል ዓመት አይደለም። ኅዳር 20 ቀን 1947 ዓ.ም. እንግሊዝ ሐውድን ለኢትዮጵያ ለመመለስ ፈረመች፤ በየካቲት 21 ርክክቡ ሆነ። ሀርጌሳ ተቆጣች፤ የሶማሌላንዱ ፖለቲከኛ ሚካኤል ማርያኖ ያለበት መልእክተኛ ቡድን አቤት ለማለት ለንደን ድረስ ሄደ። የዚያን ዓመት ማኅተም ለሽማግሌ ስታሳይ ይህን አውቀህ አሳይ፤ እኛ ደስ ብሎን የምናነበው ቀን እነርሱን የሚያምም ነው።

ለመመርመር ውድ ዕቃ አያስፈልግህም። የቀን ብርሃን በጎን እንዲገባ አድርገህ ፎቶውን ተመልከት፤ ደረቅ ማኅተሙ ወይም ቀለሙ ከፎቶው ወደ ወረቀቱ ሳይሰበር መዝለቅ አለበት። ክቡ ጠርዝ ላይ ከተዛነፈ ፎቶው ተቀይሯል። ዶላር ለመፈተሽ የሚጠቀሙበትን ሐምራዊ መብራት ከመንዛሪዎቹ ተዋስ። የጦርነቱ ዘመን ወረቀት ደብዘዝ ብሎ ይቀራል፤ በኋላ የተሠራ ወረቀት ግን ብዙ ጊዜ ነጭ ሰማያዊ ሆኖ ያበራል። በአሮጌ ደብተር ውስጥ አንድ ገጽ ብቻ ካበራ ነገር አለ። እድሳቱንም አያይዘው፤ በዚያ ዘመን አምስት ዓመት ይሰጥና ለሌላ አምስት ይታደስ ነበር፤ ከዐሥር ዓመት በኋላ የተመታ የመውጫ ማኅተም ካለበት ጠርጥር። ሙጫና ፕላስተር አታስነካው፤ የተጣበቀ ገጽ በምራቅ አትክፈት። ደብተሩን ለማሽተት አትፈር፤ አዲስ ሙጫ ይሸታል።

እሺ፣ አሁን ፓስፖርቱ የወጣበት ቤት ነገር። ደላላው ከየት እንዳመጣው ካልነገረህ አትግዛ፤ በዛድ፣ በስልክ፣ ገንዘብ ላክልኝና እነግርሃለሁ ካለም አትግዛ። ከነገረህ ሂድ። ብቻህን አትሂድ፤ ሰፈሩን የሚያውቅ ሶማሌ ጓደኛ ይዘህ፣ ከዐስር ሰላት በኋላ፣ ሽማግሌውን «አዴር»፣ አጎቴ፣ ብለህ ግባ። ሻዩን ጠጣ። ፓስፖርቱን ወዲያው አታውጣ። ሲያዩት የሚሉትን ስማ፤ ይህ የአባቴ ነው ካሉ፣ የከፈልክበትን ገንዘብ ሳታነሣ በሁለት እጅህ ስጣቸው። እኔ ግማሹን እተካልሃለሁ።

ደግሞ በማንም ቤት ተስፋ አትሽጥ። በዚህ ወረቀት የእንግሊዝ ዜግነት ይገኛል እያሉ ከልጆች ገንዘብ የሚቀበሉ አሉ። ያ ከለላ ከሞግዚት ግዛቱ ጋር አብሮ አብቅቷል። የራሱ አገር ፓስፖርት በብዙ ቦታ አልታወቅ ብሎ የተቸገረ ወጣት ይህን ቢጠይቅህ፣ እያባበልክ ሳይሆን ቁርጡን ንገረው።

የልጆች ስም የሚጻፍበትን ገጽ መጨረሻ ላይ ክፈት። በ1950ዎቹ በአባታቸው ፓስፖርት ላይ የተጻፉት ልጆች ዛሬ የሰባና የሰማንያ ዓመት ሰዎች ናቸው፤ ከዚህ ቤት ሦስት በር አልፈው ሊኖሩ ይችላሉ። ስማቸውንና የተወለዱበትን ቀን ስልክህ ላይ አንሥተህ ለማንም አትላክ። ቤተሰቡ ከፈቀደ ሁሉንም ገጽ፣ ባዶውን ጭምር፣ ያለ ፍላሽ በጥላ ሥር አንሣ፤ ጎኑ ላይ ማስመሪያ አስቀምጥ። ማን ምን እንዳለህ በዚያው ማታ ጻፈው። አንድ ቅጂ አሳትመህ ለእነርሱ ስጥ። ከወደዱ ሌላውን ለሀርጌሳ የባህል ማዕከል ይስጡ፤ እዚያ ያሉት የድሮ ካሴቶችን ሰብስበው እያቆዩ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ ወረቀትም ያከብራሉ። ለንደን ኪው ያለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትም ከ1802 እስከ 1961 ያሉ ፓስፖርቶች ስብስብ አለው፤ የሶማሌላንድ ደብዳቤዎችም እዚያው ናቸው፤ ካርዲፍ ያለው የአክስታችን ልጅ አንድ ቀን ሄዶ እንዲያይልህ እኔ እለምነዋለሁ።

በል አሁን አጉሊ መነጽሩን አምጣና አራተኛውን ገጽ ደግመን እንየው፤ ያ የደበዘዘ ማኅተም ድሬዳዋ የሚል ይመስለኛል።