ስለ ትርፍ ደቂቃ

አንባቢ ሆይ፤ በመርካቶ በጭድ ተራ በሱቅ ተቀጥረህ ቀኑን ሙሉ ውለህ በማታ የምትማር፣ የ12ኛውንም ክፍል ብሔራዊ ፈተና የምትጠባበቅ ብትሆን፣ «ለማጥናት ጊዜ ከየት ይመጣል?» ማለትህ አይቀርም። ጥያቄህ የሚናቅ አይደለም፤ በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ይህን ፈተና ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶው 3 ያህል ብቻ ነበሩና።

ነገር ግን ቀንህን መርምር። ዕቃ የጫነው መኪና እስኪደርስ ትጠብቃለህ፤ አንዱ ገዢ ሄዶ ሌላው እስኪተካ ትጠብቃለህ፤ ለታክሲም ትሰለፋለህ። እያንዳንዱ ከ5 ወይም ከ10 ደቂቃ ስለማይበልጥ ሰው ይንቀዋል፤ ለወሬና ለስልክም ይሰጠዋል።

ለሰፈርህ ስሙን ከሰጠው ከጭድ ተማር። ቤት የሚመርግ ሰው አፈሩን በውሃና በጭድ አቡክቶ በዚያው ቀን በግድግዳ ላይ አይለጥፈውም። ለቀናት ይተወዋል፤ ተመልሶም ይረግጠዋል፤ ጭዱም ከጭቃው ጋር ይዋሐዳል። ተቸኩሎ የተመረገው ግን በደረቀ ጊዜ ይሰነጠቃል። ትምህርትም እንዲሁ ነው። ኤቢንግሃውስ የሚባል የጀርመን ሊቅ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1885 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፣ በሦስት ቀን ተከፋፍሎ 38 ጊዜ የደገመው በአንድ ቀን 68 ጊዜ ከደገመው ጋር እኩል እንደ ጠቀመው በራሱ ላይ ፈትኖ ገልጧል።

ስለዚህ ማታ ከተማርኸው አንድ ቀመር ወይም አምስት ቃል በቁራጭ ወረቀት ጽፈህ በኪስህ ያዝ። ፋታ ባገኘህ ጊዜ ወረቀቱን ሳትገልጥ በቃልህ በለው፤ ከዚያ በኋላ ገልጠህ አርም። እያዩ ደጋግሞ ማንበብ ያልያዙትን የያዙ ያስመስላልና። በማግስቱም በሦስተኛውም ቀን ወደዚያው ተመለስ። አዲስና ከባድ ምዕራፍ ግን በገበያ ጫጫታ መካከል አይገባም፤ ለእርሱ ጸጥ ያለ አንድ ሰዓት ፈልግ።

ደግሞም ተጠንቀቅ። ገዢ ቆሞ ሳለ ወይም ዕቃ በሚወርድበት ሰዓት ወረቀትህን አታውጣ፤ ያ ደቂቃ የአሠሪህ ነው፤ እርሱን መውሰድ ስርቆት ነው ብል አላጋነንሁም። ይልቁንስ አስቀድመህ ንገረው፤ አሠሪን ብዙ ጊዜ የሚያስቈጣው ደብተሩ ሳይሆን መደበቁ ነው።

ሱቁ ሲዘጋ በቃልህ ያልመጣልህን ወረቀት ለይተህ ለነገ በኪስህ መልስ። ከዚያም ተኛ፤ ቀን የያዝኸው በእንቅልፍ ጊዜ ይጸናልና።