በስልክ ለመነገድ አንድ ሙያ አይበቃም

በአቃቂና በቃሊቲ ልብስ መስፋት የተማሩ ወጣቶች ሥራቸውን በቴሌግራም መሸጥ ይፈልጋሉ። በእርግጥ ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ክፍያን አቅልሎአል፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012ም ለዚህ ዓይነቱ ንግድ ሕጋዊ መሠረት ሰጥቶአል። ሆኖም በብድር የጀመረ ሰው ቢከስር ዕዳው በቤተሰቡ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ከስፌቱ ሌላ የሚያስፈልጉትን አራት ሙያዎች እንመልከት።

1. ሒሳብ ማወቅ። አንድ የሕፃን ልብስ በ600 ብር ተሸጠ እንበል። ጨርቁ 350፣ ክርና ቁልፉ 30፣ የሞተር ማድረሻው 150፣ የኢንተርኔቱ ድርሻ 20 ብር ቢሆን የሚቀረው 50 ብር ብቻ ነው፤ የእጅ ዋጋ ገና አልተቆጠረም። ገዢው አልቀበልም ቢል ደግሞ በከንቱ የወጣው 150 ብር የሦስት ልብስ ትርፍ ይበላል። ግንብ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ወጪውን እንዲያሰላ የተሰጠው ትምህርት (ሉቃስ 14፥28) ለዚህም ይሠራል።

2. በእውነት ማሳየት። ፎቶግራፉ በቀን ብርሃን ይነሣ፤ የጨርቁ ዓይነት፣ ልኩና ዋጋው በግልጽ ይጻፍ። «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚል ጽሑፍ ገዢን ያሸሻል።

3. ገንዘብ በጥንቃቄ መቀበል። «ከፍያለሁ» የሚል መልእክት ወይም የስክሪን ፎቶ ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል። ገንዘቡ መግባቱን በራሳችን ሒሳብ ሳናይ ዕቃ አንስጥ፤ የምስጢር ቁጥራችንንም ለማንም አንናገር።

4. ማድረስ። ከቃሊቲ እስከ ፒያሳ መንገዱ ሩቅ ነው። በሳምንት ሁለት የማድረሻ ቀን መወሰን፣ በአንድ አቅጣጫ ያሉትን ገዢዎች ማሰባሰብ፣ የማድረሻውን ሒሳብ አስቀድሞ መቀበልና ከመነሣት በፊት ደውሎ ማረጋገጥ ኪሳራን ይቀንሳል።

እነዚህን ሁሉ አንድ ሰው ላይችል ይችላል፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነውና። አንዷ ብትሰፋ፣ ሁለተኛው ፎቶግራፍ ቢያነሣና ለገዢ ቢመልስ፣ ሦስተኛዋ መዝገብ ብትይዝ ሥራው ይሟላል። ድርሻቸውን ግን አስቀድመው በጽሑፍ ይስማሙ፤ ስለ ንግድ ፈቃድም ወደ ወረዳቸው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄደው ይጠይቁ።

የፕሮጀክት ሠራተኞችም ልብ እንበል። የስፌት መኪና ሰጥቶ ማስመረቅ ግማሽ ሥራ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ፕሮግራሚንግን በነፃ አቅርቦአል፤ የልብስ ዋጋ ማውጣትን ግን ሌላ ሰው ማስተማር አለበት። ስለዚህ ሠልጣኞች ከመመረቃቸው በፊት ሦስት ዕቃ በእውነተኛ ገበያ ሸጠው፣ አድርሰው፣ ሒሳቡን በመዝገብ ያሳዩን።

የመወያያ ጥያቄዎች፦
ሀ. ከላይ ባለው ምሳሌ ለአንድ ቀን ስፌት ተገቢ ዋጋ ለማግኘት ልብሱ በስንት ብር መሸጥ አለበት?
ለ. በማኅበራችን ከአራቱ ሙያዎች የጎደለው የትኛው ነው? ሊያስተምረን የሚችለውስ ማን ነው?