ለጀማሪ የትኛው ሽጉጥ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ ግሪን ካርድ አለኝ። ቤቴን ለመጠበቅ የመጀመሪያ ሽጉጤን ልገዛ ነው። ኪስ የምትገባዋ ትንሿ አትሻልም?

መልስ፦ ለቤት ከሆነ አትሻልም። ሽጉጥ በቀለለ ቁጥር ሲተኮስ እጅን ይበልጥ ይገፋል፤ በማነጣጠሪያዎቹ መካከል ያለው ርቀት ሲያጥር ደግሞ ጥቂት የእጅ መዛነፍ ዒላማው ዘንድ ሲደርስ ይሰፋል። ስለዚህ እንደ ግሎክ 19 ያለ መካከለኛ ባለ 9 ሚሊ ሜትር ይምረጡ፤ ከመግዛትዎ በፊትም በተኩስ መለማመጃ ተከራይተው ይሞክሩት። ጥይቱ ደካማ ነው የሚሉ አሉ። ይሁንና ኤፍ ቢ አይ ከ40 ካሊበር ወደ 9 ሚሊ ሜትር የተመለሰው ዘመናዊው ጥይት በቂ ሆኖ ስላገኘው፣ ተኳሾቹም በእሱ ይበልጥ ፈጥነው ዒላማ ስለሚመቱ ነው።

እኔን ከዓይነቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ማስቀመጫው ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ የካሊፎርኒያ ጥናት፣ ሽጉጥ ያላቸው ወንዶች በጦር መሣሪያ ራሳቸውን የማጥፋት ዕድላቸው ከሌላቸው ወንዶች 8 እጥፍ ገደማ፣ የሴቶቹ ደግሞ 35 እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። «ቀድሞውንም ለዚያ ብለው የገዙ ናቸው» ይባል ይሆናል፤ ግን ከሟቾቹ ከግማሽ በላይ የሆኑት ሕይወታቸው ያለፈው ሽጉጡን ከገዙ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። የተቆለፈ ሽጉጥ ለአደጋ አይደርስም ለሚለውም፣ ቁጥር ሲጫኑበት በሰከንዶች የሚከፈት ትንሽ ካዝና አለ፤ ዋጋውን ከሽጉጡ ጋር አብረው ያስቡት። ቤትዎ ውስጥ በጭንቀት የሚሰቃይ ሰው ካለ ግን ግዢውን ያቆዩት።

ግሪን ካርድዎ በፌዴራል ሕግ ከመግዛት አይከለክልዎትም፤ ፈቃድ ያለው ሻጭ ቅጽ 4473 አስሞልቶ ማንነትዎን ያጣራል።