የታሸገ ሾርባና የቤት ሾርባ፦ ልዩነቱ የቱ ጋ ነው?

ረመዳን በገባ ቁጥር በደሴና በኮምቦልቻ ሾርባ የማይጣድበት ቤት ጥቂት ነው። በፆም ወቅትም ሆነ በሽተኛ ባለበት ቤት የአትክልት ሾርባ አይጠፋም። ጊዜ ያጠረው ደግሞ ከሱቅ በቆርቆሮ ወይም በፓኬት የታሸገውን ይገዛል። ብዙ ጊዜ «የቤቱ ቪታሚን አለው፣ የታሸገው ግን ባዶ ነው» ሲባል እንሰማለን። ለመሆኑ እውነት ነው?

ከቪታሚን እንጀምር። የቆርቆሮ ሾርባ ከታሸገ በኋላ በእንፋሎት ግፊት 121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይበስላል። ዓላማው ቦቱሊዝም የተባለውን የምግብ መመረዝ የሚያስከትለውን ባክቴሪያ ማጥፋት ነው። በዚህ ሙቀት ቪታሚን ሲ በብዛት ይጠፋል። የካሮቱ ቤታ ካሮቲን ግን አብዛኛው ይተርፋል፤ የቲማቲሙን ላይኮፒን ሰውነታችን የበለጠ የሚጠቀምበት እንዲያውም ሲበስል ነው። ስለዚህ ባዶ ነው ማለት ማጋነን ይሆናል።

የእኛስ ድስት? ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል 94 ይጠጋል። በዚህ ምክንያት ክክ ቶሎ አይበስልም። አትክልቱን ከክኩ ጋር አብረን ጥደን ከሰዓት በላይ ስናንተከትከው ቪታሚን ሲው እዚያው ያልቃል። ክኩ ቀድሞ ቢበስል፣ ካሮትና ድንቹ ቢከተሉ፣ ጥቅል ጎመኑና ቃሪያው ደግሞ ሊወጣ ሲል ቢገቡ ብዙ ይተርፋል።

ዋናው ጉዳይ ግን ጨው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል። አንድ ኩባያ የቆርቆሮ ሾርባ ብዙውን ጊዜ 700 ሚሊ ግራም አካባቢ ሶዲየም አለው። ይህን በ2.5 ስናባዛው 1.75 ግራም ጨው ይሆናል። አሁን የቤቱን እናስላ። ለአራት ሰው በተሠራ ሾርባ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማለትም 6 ግራም ገደማ ብንጨምር ለአንድ ሰው 1.5 ግራም ይደርሰዋል። እስከዚህ ደህና ነው። ነገር ግን «እንዲጥም» ተብሎ ክኖር ወይም ማጊ የምንለው ኩብ ይጨመራል። የዚህ ኩብ ክብደት ግማሽ ያህሉ ጨው ነው። ባለ 4 ግራም ሁለት ኩብ ሲገባ የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ 2.5 ግራም ይደርሳል። በቃ፣ የቤቱ ሾርባ ከቆርቆሮው በለጠ! ደም ግፊት ላለበት ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የቀኑ ግማሽ በአንድ ሳህን አለቀ ማለት ነው፣ ገና እንጀራና ወጡ ሳይቀርብ።

የቤት ሾርባ ጥቅሙ ጨውን በእጃችን መወሰናችን ነው። ኩቡን ትቶ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በቲማቲም ማጣፈጥ ይቻላል። አዮዲን ያለው ጨው ደግሞ ድስቱ ሊወጣ ሲል ቢጨመር ይመረጣል፣ አዮዲን በረጅም ማፍላት ይቀንሳልና።

የታሸገው የሚሻልበትም ቦታ አለ። ሳይከፈት ያለ ፍሪጅ ይቆያል፣ ከሰልም ይቆጥባል። የቤቱ ሾርባ ግን ማታ ተሠርቶ ፍሪጅ በሌለበት ቤት ለጠዋት ከተተወ፣ በተለይ በኮምቦልቻ ሙቀት፣ ቢሞቅም አያስተማምንም፤ አንዳንድ ባክቴሪያዎች የሚተዉት መርዝ በማፍላት አይጠፋም። ለአንድ ማዕድ የሚበቃውን ብቻ መሥራት ነው።