የአፈሩ ናይትሬትና የሌሊቱ ራዲካል

በቆቦ ሜዳ አንድ ገበሬ ለማሽላው ዩሪያ ቢጨምር፣ በአፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ውለው አድረው ከፊሉን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬት አንድ ናይትሮጅንና ሦስት ኦክስጅን ይዞ አንድ ትርፍ ኤሌክትሮን የተሸከመ አሉታዊ አዮን ነው። በውሃ ሟሙቶ የማሽላውን ሥር ይመግባል፤ ጠባዩም የረጋ ነው።

በዞብል ተራሮችና በምዕራቡ ደጋ መካከል በተዘረጋው በዚሁ ሜዳ ጀምበር ስትጠልቅ ደግሞ ሌላ ነገር ይከናወናል። ከአፈር፣ ከተሽከርካሪና ከማገዶ የወጣው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ከኦዞን ጋር ሲገናኝ እነዚያው አራት አቶሞች ያለ ትርፍ ኤሌክትሮን ይጣመራሉ። ይህ ናይትሬት ራዲካል ይባላል። የቀን ብርሃን በሴኮንዶች ውስጥ ስለሚሰባብረው ሥራው በሌሊት ነው። የአገዳው ጢስ ከየቤቱ ወጥቶ ሲሰራጭ፣ በውስጡ ያሉትን ፊኖሎች እያጠቃ ከፊላቸውን ወደ ሳንባ ወደሚገቡ ደቃቅ ብናኞች ይለውጣል። እንግዲህ የማታው ጢስ እስኪነጋ ምን እንደሚሆን ለማወቅ የምንሻ ከሆነ የዚህን ራዲካል ጠባይ ማወቅ ግድ ይለናል።

ራዲካልን ጠርሙስ ውስጥ አኑሮ ማጥናት አስቸጋሪ ነው። አዮኑ ግን ቻርጅ ስላለው በኤሌክትሪክ መስክ ይመራል፤ በክብደቱም ከሌሎች ይለያል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ከአዮኑ ይነሳሉ። አየሩ ተመጥጦ በወጣ ቱቦ ውስጥ ባለ 266 ናኖሜትር የሌዘር ጨረር ይለቁበታል። የአንዱ ፎቶን ጉልበት 4.66 ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ትርፉ ኤሌክትሮን ተነቅሎ ሲወጣ፣ የታወቀ ርቀት ለመጓዝ የፈጀበት ጊዜ ፍጥነቱን ይነግረናል። ፈጣኖቹ ኤሌክትሮኖች 0.72 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ይዘው ይወጣሉ። ቀሪው 3.94 ኤሌክትሮኑን ለመንቀል የወጣ ዋጋ ነው። ስሌቱ አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1905 ያቀረበው ነው፤ በየክፍሉ ስለ ብረት ብቻ መነገሩ ያስቆጨናል።

ከሁሉ የሚደንቀው የዘገምተኞቹ ኤሌክትሮኖች ነገር ነው። የጎደላቸው ጉልበት የትም አልጠፋም፤ በራዲካሉ ውስጥ ንዝረት ሆኖ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ1991 በበርክሌይ የዳንኤል ኒውማርክ ቡድን ይህን ንዝረት ለክቶ፣ ሦስቱ ኦክስጅኖች ከናይትሮጅኑ እኩል ይርቃሉ ወይስ አይርቁም ለሚለው ክርክር ማስረጃ አቅርቧል።

ይህ ዘዴ ግን በቆቦ አየር ውስጥ ስንት ራዲካል እንዳለ አይቆጥርም። ለዚያ የሚያገለግለው ራዲካሉ 662 ናኖሜትር ላይ ቀይ ብርሃንን አጥብቆ መምጠጡ ነው። በሌሊት ከከተማው ዳር ወደ ዞብል ግርጌ ብርሃን ቢላክ፣ በመንገድ የጎደለው መጠን ቁጥሩን ይሰጣል። ሜዳው ለዚህ የተመቸ ነው።